ድምፁን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስሙንስ? የወጋየሁ ንጋቱ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአባዱላ እየተመለስን ነበር። ዓባይ በረሃን ወርደን ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ በልተን ገና መንቀሳቀሳችን ነው። ሾፌሩ ዘፈኑን ድንገት ዘጋና ሌላ ፍላሽ ሰካ። ከስፒከሩ የአንድ ሰው ድምፅ ወጣ። ትረካ ነው። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት ዘፈኑ ይመለስልን ብሎ ሲያጉረመርም ሰማነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን እሱም ኢርፎኑን ከጆሮው አውጥቶ ማዳመጥ ጀመረ።

ትረካው የሚያወራው ስለ አንዲት የጎጃም መንደር ነው፤ ስለ ማንኩሳ። እኛም በዚያው ሰዓት በመስኮት የምናያት ማንኩሳን ነበር። ሾፌሩ ሆን ብሎ ነው ለካ! በዚህ መንገድ በተመላለሰ ቁጥር እዚህ ጋ ሲደርስ ነው የሚከፍተው።

ቡሬ እስክንደርስ ስልኩን የነካካ ሰው አልነበረም። ከዚያ ክርክር ተነሳ። ተራኪው ማነው? አንዱ ፈቃዱ ተክለማርያም ነው አለ። ሌላው የድሮ ጋዜጠኛ መሆን አለበት አለ። አንዷ ደግሞ ደራሲው ራሱ ነው ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡ አንዲት እናት ዘወር ብለው፣ እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ በሚል ዓይን አዩንና ስሙን ነገሩን። ወጋየሁ ንጋቱ።

እውነቱን እንናገር፣ አፈርን። ስለ ፊልምና ቴአትር እንጽፋለን የምንል ሰዎች ነን እኮ። ያንን ድምፅ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ በሬዲዮ ሰምተነዋል፤ ቴሌግራም ላይ ዳውንሎድ አድርገነዋል፤ ቲክቶክ ላይ ተቆርጦ ሲዞር አይተነዋል። ስሙን ግን ያን ቀን ከእኛ ውስጥ ደፍሮ የተናገረ አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያ እፍረት ነው።

ማን ነበር?

ወጋየሁ ንጋቱ የተወለደው በ1936 ዓ.ም. ነው። ወጣት በሆነበት ጊዜ የአማርኛ ቴአትር ትልቅ ለውጥ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት መድረኩን የያዙት በአብዛኛው ነገሥታት፣ ጀግኖችና ምክር ነበሩ። በ1950ዎቹ ግን እነ ጸጋዬ ገብረመድኅንና መንግሥቱ ለማ መጡ። ከእነሱ ጋር ተራው ሰው ወደ መድረክ ወጣ። ድሃው፣ ሥራ ፈቱ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው፣ ለሠርግ የሚሯሯጠው ዘመድ ሁሉ ቦታ አገኘ።

አዲስ ዓይነት ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ አዲስ ዓይነት ተዋናይ ያስፈልጋል። ንጉሥ ለመሆን ካባና ግርማ ሞገስ ይበቃ ይሆናል። ጎረቤታችንን ለመሆን ግን ጎረቤታችንን ማየት ያስፈልጋል። እንዴት እንደሚስል፣ ሲዋሽ ድምፁ የት ጋ እንደሚሰበር፣ ሲያፍር እጁን የት እንደሚያደርግ።

በዚያው ዘመን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ወጣቶች ቴአትር የሚማሩበትና የሚሞክሩበት ማዕከል ተከፍቶ ነበር። ወጋየሁ ከዚያ ከወጡት ልጆች አንዱ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው ደበበ እሸቱም የዚያ ትውልድ ሰው ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ቴአትር ለመማር እስከ ሃንጋሪ ሄደዋል። ተመልሰውም በአዲስ አበባ መድረኮች ላይ አብረው ስም ያወጡ ናቸው።

ወጋየሁ ከጸጋዬ ገብረመድኅን ቴአትሮች ጋር ስሙ አብሮ ይነሳል። ጸጋዬን ያነበበ ያውቃል፣ አማርኛው ቀላል አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ትርጉም ይቀበራል። ያንን በቃል መሸምደድ አንድ ነገር ነው። ከሺህ ሰው በላይ በሚይዝ አዳራሽ፣ ዛሬ እንዳለው ጆሮ ላይ የሚለጠፍ ማይክ ሳይኖር፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሰምቶ እንዲገባው ማድረግ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ነው ወጋየሁ የተሠራው። ቃልን ሳይጮህ ሩቅ ማድረስን የተማረው እዚያ ነው።

ያላየነው ሥራ

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ይህን ሁሉ የመድረክ ሥራ እኛ ማየት አንችልም።

አስቡት እስቲ። ዛሬ አንድ ተዋናይ ካፌ ውስጥ ቢያስነጥስ ቪዲዮው ማታ ስልካችን ላይ ነው። ያኔ ግን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አንድ ጣቢያ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት፣ ያውም ጥቁርና ነጭ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ፊልምማ አይነሳ። የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም የሚባለው ሂሩት አባቷ ማነው የወጣው በዚያው በ1957 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት የተሠሩት ፊልሞች እጅግ ጥቂት ናቸው። ዛሬ በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ ለምናይ ልጆች ይህ ተረት ይመስላል።

ስለዚህ የዚያ ዘመን ታላላቅ ተዋንያን ሥራ የቀረው በአብዛኛው በተመልካች ትዝታ ውስጥ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ ሥራውም አብሮ ይዘጋል። ያዩት ሰዎች አርጅተዋል፣ ብዙዎቹም አልፈዋል። ባሕር ዳርና ጎንደር የነበረ ሰውማ አዲስ አበባ ካልሄደ ጭራሽ አያይም።

ወጋየሁም እንደ ሌሎቹ በዚያው ሊጠፋብን ይችል ነበር። ያዳነው ሬዲዮ ነው።

አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን

ፍቅር እስከ መቃብርን የማያውቅ የለም። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ሐዲስ የተወለዱት ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። መጽሐፉም የእኛው አገር ታሪክ ነው። ማንኩሳ አለች፣ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ የቅኔ ተማሪ አለ፣ ባላባት አለ፣ ጭሰኛ አለ። ከ500 ገጽ በላይ ነው።

ከ500 ገጽ በላይ። እስቲ በሐቀኝነት፣ ከመካከላችን ጨርሶ ያነበበው ስንት ነው? በዚያ ዘመን ደግሞ ማንበብ የሚችለው ሰው ከዛሬውም በጣም ያነሰ ነበር። ማንበብ የሚችለውም ቢሆን መጽሐፉን ገዝቶ ማግኘት ነበረበት። እና ይህ ታሪክ በጎጃም ገጠር ላለው፣ ታሪኩ ስለ እሱ ለተጻፈለት ሰው እንዴት ይድረሰው?

የኢትዮጵያ ሬዲዮ ከመጻሕፍት ዓለም የሚባል ፕሮግራም ነበረው። መጽሐፍ በክፍል በክፍል እየተተረከ ይቀርባል። በደርግ ዘመን ፍቅር እስከ መቃብር በዚህ ፕሮግራም ሲቀርብ ተራኪው ወጋየሁ ንጋቱ ሆነ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉና ድምፁ ሊለያዩ አልቻሉም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው እንኳን የሚያነበው በወጋየሁ ድምፅ ነው።

የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ እንሰማለን። ሬዲዮ ያለው ቤት አንድ ይሆናል፣ ጎረቤት ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። የባትሪ ድንጋዩ እንዳያልቅ ዜናው ይዘለላል፣ ለትረካው ይቆጠባል። ጣና ዳር ዓሣ ይዞ የተመለሰውም፣ ገበያ ውላ የገባችውም እኩል ቁጭ ይላሉ። መብራት የለም፣ ስክሪን የለም፣ ሁሉም በየራሱ ጭንቅላት ውስጥ ፊልሙን ያያል። በቃ፣ ሲኒማ ማለት ያ ነበር።

እዚህ ጋ ስለ ሥራው ትንሽ እንበል። ምክንያቱም ብዙ ሰው ትረካ ማለት ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው መጽሐፍ ሲያነብ ይመስለዋል። አይደለም። ወጋየሁ አላነበበም፣ ተወነ። ሙሉ ቴአትር ብቻውን ሠራ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩ የምንሰማው አዛውንት ጦረኛ ነው። ኩራቱ ከዕድሜው የበለጠበት፣ መታዘዝ እንጂ መስማት ያልለመደ። ቀጥሎ ጉዱ ካሳ ይመጣል። ወገኖቹ እብድ ያሉት፣ የባላባትነቱን ወግ የናቀ፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚያይ ሰው። በዛብህ ይመጣል፣ የማንኩሳው ስለት ልጅ፣ ቅኔ የሚያውቅ፣ ፍቅር ግን የሚያስፈራው። ሰብለ ወንጌል ትመጣለች። አንድ ወንድ የወጣት ሴትን ቃል ሲናገር ማስመሰል ሊሆን ይችላል፣ ሰውም ሊስቅ ይችላል። ወጋየሁ ግን ድምፁን ለማቅጠን አይጨነቅም፤ ዝግ ይላል፣ ይለሰልሳል። ማንም አይስቅም።

ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ የሚያደርገው በጉሮሮው ብቻ ነው። ፊት የለ፣ ልብስ የለ፣ ሜካፕ የለ፣ አብሮት የሚተውን ሰው የለ። ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ራሱ ይቆጣል፣ ራሱ ይለምናል። በመሃል ደግሞ ተራኪ ሆኖ ይመለሳል። እኛ ግን ማን እየተናገረ እንደሆነ አንድም ቀን አይጠፋብንም።

እኛን በደንብ የነካን ነገር

ስለ ወጋየሁ ለመጻፍ ስንነሳ ትረካውን እንደገና ከመጀመሪያው ሰማነው። ጣና ዳር፣ ዘንባባው ሥር ቁጭ ብለን፣ አንድ ኢርፎን ለሁለት ተካፍለን ጭምር። አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብን።

ዛሬ በፊልምና በቲቪ ድራማዎቻችን የገጠር ሰው ሲመጣ ምን ሆኖ ነው የሚመጣው? በአብዛኛው ለሳቅ። ቁምጣ ያለብሱታል፣ ዱላ ያስይዙታል፣ አነጋገሩን ያጣምሙታል፣ አስፋልት ሲሻገር ያስደነግጡታል። ተመልካች ይስቃል፣ ያልቃል። ጎጃሜ ከሆነማ ቀልዱ ከመጀመሩ በፊት ተሳቀ ማለት ነው። ከባሕር ዳር ወጥቶ ሌላ ከተማ የኖረ ልጅ ይህን ያውቀዋል። አፉን ሲከፍት ፈገግ የሚሉበትን ያውቃቸዋል።

ወጋየሁን ስንሰማ ግን የማንኩሳ ገበሬ እንደ ገበሬ ይናገራል፣ ማንም አይስቅበትም። የበዛብህ አባትና እናት፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ ትልቅ ሰዎች አይደሉም። ሹመት የላቸውም፣ መሬታቸውም ሰፊ አይደለም። ወጋየሁ ግን ለፊታውራሪ መሸሻ የሰጠውን ክብር ያህል ለእነሱም ይሰጣል። ሲያዝኑ ኀዘናቸው ሙሉ ነው። ሲሳለቁ ሳቁ የእነሱ ነው እንጂ በእነሱ ላይ አይደለም። ጭሰኞቹ በፊታውራሪው ላይ ሲነሱም እንደ ጫጫታ ብቻ አንሰማቸውም። አበጀ በለው የራሱ ድምፅ ያለው፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ጽሑፉ የሐዲስ ነው፣ ልክ ነው። ክብሩን መጀመሪያ የሰጧቸው እሳቸው ናቸው። ግን መጥፎ ተዋናይ ያንን በአንድ ምሽት ሊያበላሸው ይችል ነበር። ትንሽ ቢያጋንን፣ ትንሽ ለሳቅ ቢል፣ በሬዲዮ ዙሪያ የተሰበሰበው ገበሬ ራሱን እንደ ቀልድ ይሰማ ነበር። ያ አልሆነም። ራሱን እንደ ሰው ሰማ።

ለእኛ የወጋየሁ ትልቅነት ይህ ነው። ትንሽ ቦታ ያለውን ሰው አላሳነሰውም። የምንወዳቸውን ተዋንያን አስታውሱ። ፖስተር ላይ ፊታቸው በትንሹ የሚታይ፣ ዘበኛ ሆነው፣ የሰፈር ሽማግሌ ሆነው፣ ነገረኛ አክስት ሆነው መጥተው ፊልሙን ይዘውት የሚሄዱ። ዋናዎቹ ፍቅረኛሞች ከተረሱ በኋላ እነሱ የሚታወሱልን። ወጋየሁ እነዚያን ሁሉ በአንድ ጉሮሮ ነበር የያዘው።

ድምፅ ሲታወቅ ሰው ይጠፋል

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ስታር ዋርስን ያያችሁ ዳርዝ ቬደርን ታውቁታላችሁ። ጥቁር ጭምብል፣ ያ የሚያስፈራ ወፍራም ድምፅ። ጭምብሉ ውስጥ የቆመው ዴቪድ ፕራውዝ የሚባል ሰው ነው፤ ድምፁ ግን የጄምስ ኧርል ጆንስ ነው። ፊልሙ በአውሮፓውያን 1977 መጀመሪያ ሲወጣ የጆንስ ስም ስክሪኑ ላይ አልነበረም። ዓለም በሙሉ ድምፁን ሰማ፣ ማን እንደሆነ ግን ብዙው አላወቀም። በጆንስ ጊዜ ያ የራሱ ፈቃድ ነበር። በኋላም ስሙ ተጻፈ፣ የአንበሳው ንጉሥ ፊልም ላይ ሙፋሳን ሆኖ በአዲስ ትውልድ ዘንድ ታወቀ፣ ተሸለመ፣ በ2024 ሲሞት ዓለም ስሙን ጠርቶ ሸኘው።

የወጋየሁ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስሙ በዘመኑ ተጠርቷል፣ ያኔ የነበሩ ሰዎች ያውቁታል፣ ያቺ የመኪናዋ እናትም አልተሳሳቱም። ስሙን እያጠፋነው ያለነው እኛ ነን፤ የስልኩ ትውልድ። ትረካው ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽና ሜሞሪ፣ ከዚያ ወደ ቴሌግራም ሲተላለፍ በየመንገዱ አንድ ነገር ወደቀ። ፋይሉን ክፍል 1፣ ክፍል 2 ብለን ሰይመን እንልካለን። ከላይ የራሳችንን ቻናል ስም እንለጥፋለን፣ የእሱን እናጠፋለን። ከሥር ያለውን ኮመንት ስታነቡ፣ ተራኪው ማነው ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የሚመልስለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ነው።

አጭር ዕድሜ

ወጋየሁ ንጋቱ በ1982 ዓ.ም. ዐረፈ። ዕድሜው 46 ዓመት ገደማ ነበር። ይህን ቁጥር ስንጽፍ ቆም አልን። ምክንያቱም ድምፁ በጭንቅላታችን ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ነው፤ የአያት ድምፅ ነው። ለካ ያኔ ጎልማሳ ነበር። ዛሬ ጋሽ ብለን እንጂ አባባ ብለን የማንጠራው ሰው ነበር።

ከሞተ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ደርግ ወደቀ። የቪዲዮ ካሜራ መጣ፣ የአማርኛ ፊልም በገፍ መሠራት ጀመረ፣ የቲቪ ጣቢያው ከአንድ ወደ ብዙ ሆነ። እሱ ይህን አንዱንም አላየም። ካሜራው በየቤቱ በሚገባበት ዘመን ቢኖር ኖሮ ስንት ገጸ ባሕርይ በዓይናችን እናይ ነበር ብለን እንቆጫለን። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከእሱ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። መጽሐፉ አሁንም ይታተማል፣ ትረካው አሁንም ይሰማል። ሁለቱም ሰዎች የሉም፣ በዛብህና ሰብለ ግን ዛሬ ማታም አንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ይገናኛሉ።

ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬም ለእነዚህ ሰዎች ቅርብ ነን። ጠዋት በጊዮርጊስ በኩል ስናልፍ አኩፋዳቸውን ያንጠለጠሉ የአብነት ተማሪዎች እናያለን፤ በዛብህም እንደ እነሱ ነበር። አውቶቡስ ተራ የሚወርደው ገበሬ ፊቱ ላይ ቦጋለን እናያለን። ገንዘብ የያዘ ሁሉ ሲያዘንብን ፊታውራሪ መሸሻ አልሞቱም እንላለን። እነዚህን ሰዎች እንድናይ ያስተማረን አንዱ ያ ድምፅ ነው።

ምን እናድርግ?

ትልቅ ነገር አንጠይቅም። ሐውልት ይሠራ አላልንም፣ መንገድ ይሰየም አላልንም።

አንደኛ፣ የትረካውን ፋይል የምትለቁ ቻናሎች ሦስት ቃል ጨምሩ። ተራኪ፡ ወጋየሁ ንጋቱ። አለቀ። ዳታ አይበላም።

ሁለተኛ፣ ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁ። ወጋየሁን መድረክ ላይ ያየ ሰው ዛሬም አለ። ምን ሆኖ እንዳዩት፣ እንዴት እንደቆመ፣ ምን እንደለበሰ ይንገሯችሁና በስልካችሁ ቅዱት። የመድረክ ሥራው የቀረው እነሱ ጋ ነው፤ እነሱ ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል። ይህን እኛ ካልሠራነው ማንም አይሠራልንም።

ሦስተኛ ለእናንተ ነው፣ በሙሉዓለም የባህል ማዕከል አካባቢ ስክሪፕት ይዛችሁ ለምታለማመዱ፣ ቲክቶክ ላይ ድራማ ለምትሠሩ ልጆች። መሪ ገጸ ባሕርይ ካልተሰጠኝ ብላችሁ አትኩረፉ። የተሰጣችሁ ዘበኛም ይሁን ገበሬ፣ ሙሉ ሰው አድርጉት። አገራችሁ አነጋገር ላይ ለመሳቅ ስትነሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ቆም በሉና ያንን ትረካ ስሙ። የማንኩሳን ሰው ሳያዋርዱ ሚሊዮኖችን ማስደመጥ እንደሚቻል ማስረጃው እዚያ አለ።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ መጨረሻውን አንነግራችሁም። ዛሬ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክም ሲጠፋ፣ ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጋችሁ ከሆነ ክፍል አንድን ክፈቱት። ማንኩሳ ትመጣለች። በመንገድ ስታልፉባት ደግሞ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ይህ ማነው ብሎ ከጠየቀ፣ እንደኛ አትፈሩ።

ወጋየሁ ንጋቱ ነው በሉት።